በሱቃችን ወለል ላይ ያለው ቢጫ ቴፕ

ዌስተን፣ ቶሮንቶ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበርሽው አጸደ፣

ይህ ወረቀት ኒኮሲያ ሲደርስ አንቺም፣ ልጃችን ሔርሞንም፣ ትንሹ ማቲም ሙቀቱ በርዶላችሁ በጤና ያግኛችሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ የጉልበቴም ሕመም ለቆኛል። ቅጠሉ መርገፍ ስለጀመረ ጋቢና ሻንጣ የሚገዛ በዝቷል። በስልክ ከማቲ ጥርስ ሌላ ወሬ ስለማናወራ መጻፉን መረጥኩ።

ባለፈው እሑድ ሔርሞን ስትደውል የምትኖሩበት አገር እንዴት እንደሚተዳደር ጠየቅኳት። እንዳስረዳችኝ፣ ቆጵሮስ ነጻ ስትወጣ ፕሬዚዳንቱ ከግሪኮቹ፣ ምክትሉ ከቱርኮቹ እንዲሆን በሕግ ተደነገገ። በትልልቁ ጉዳይ አንዱ የወሰነውን ሌላው «አይሆንም» ካለ ነገሩ ይቆማል። ብዙም ሳይቆዩ ተጣሉ፤ ቱርኮቹ ከመንግሥቱ ወጡ፤ በኋላም በጦርነት ደሴቲቱ ለሁለት ተከፈለች። አሁን በሰሜን ያሉት ቱርኮች የራሳቸው ፕሬዚዳንት አላቸው፤ ከቱርክ በቀር ግን አገር ብሎ የተቀበላቸው የለም። በደቡቡ ፓርላማ የቱርኮቹ ወንበሮች እስከ ዛሬ በሕግ የእነሱ ናቸው፤ ማንም አልተቀመጠባቸውም። የምክትሉም ቦታ ባዶ ነው እንጂ አልተሰረዘም።

ሳቅ አመለጠኝ። «ባባ፣ ምን ያስቅሃል?» አለች።

«ስለ እኛ ሱቅ እየነገርሽኝ ነው» አልኳት።

ውሸቴን ነው? ሱቁን ስንከፍት ሁለታችንም ካልተስማማን ምንም እንዳይወሰን ተፈራረምን። አንቺ ወደ ኖርዝ ዮርክ ሰፈር እንዛወር አልሽ፤ እኔ አይሆንም አልኩ። እኔ እዚሁ እናስፋው አልኩ፤ አንቺ አይሆንም አልሽ። ሽማግሌዎቹም ቁጣችን እስኪበርድ ብለው ወለሉን በቢጫ ቴፕ አካፈሉን፤ በርበሬና ሽሮው ባንቺ በኩል፣ ልብስና ሻንጣው በእኔ በኩል። እማማ ዙበይዳ በርበሬና ሻርፕ ገዝተው ሁለት ቦታ ሲከፍሉ «ቪዛስ አትጠይቁኝም?» ያሉትን አትረሺውም። ከዚያ ማቲ ተወለደና ልጃችንን ልታርሺ ሄድሽ። ሔርሞን ከአራስ ቤት ከወጣች ግን ይኸው ዓመት አለፈ።

በዚህ ወር አንድ ነገር መጣ። ጸጉር የምትሠራው ቤዚ ያንቺን ግማሽ ልከራይ አለች፤ የቤቱ ባለቤት ላንድሎርዱም መልሳችሁን ቶሎ አሳውቁኝ አለ። ታክሳችንን የሚሠራው ኢሳያስ ደግሞ፣ አጸደ የለችምና ለጊዜው ብቻህን ፈርም፣ ሲያስገድድ ይፈቀዳል ብሎ መከረኝ። ይህንንም ለሔርሞን አነሳሁላት። እዚያም እንዲሁ ሆኖ ነበር አለችኝ፤ ቱርኮቹ ባይኖሩም የመንግሥት ሥራ መቆም ስለሌለበት፣ ሁኔታው አስገዳጅ ነው ብሎ ፍርድ ቤቱ ፈቅዷል። ያ «ለጊዜው» ስድሳ ዓመት አልፎታል። ለጊዜው የሚባል ነገር እንዴት እንደሚሰነብት እኔም አውቃለሁ፤ በሩ ሥር ለጊዜው ያስደገፍኩት መሰላል ዛሬም እዚያው ነው።

ቤዚን እንቢ አልኳት። «ጋሼ፣ ባዶ ቦታ ምን ያደርግልሃል?» አለችኝ።

«ምንም፤ ግን የእኔ አይደለም» አልኳት።

በዕለት ማስታወሻዬ ላይ የዚያን ቀን የጻፍኩት ይኸው ነው፦ እንቢ አልኳት፤ አልቆጨኝም።

መደርደሪያሽን አቧራ አይነካውም። የነበረው በርበሬ እስኪያልቅ ሸጥኩልሽ፤ አዲስ ግን አላስመጣሁም፤ እሱ ያንቺ ሚኒስቴር ነው። እማማ ዙበይዳ ከሌላ ቦታ እየገዙ እኔ ላይ ያማርራሉ። በነገራችን ላይ፣ ኖርዝ ዮርክ ያልሽውን ቤት ሄጄ አየሁት። እስካሁን አልተያዘም። መስኮቱ ሰፊ ነው፤ አልጠላሁትም።

ባለፈው ሳምንት ቴፑን ልልጥ ጎንበስ እንዳልኩ እማማ ዙበይዳ ገቡ። ምን ልትሠራ ነው ሲሉኝ፣ መስመሩ ይብቃን፣ ላነሳው ነው አልኳቸው።

«እሷ በሌለችበት ካነሳኸው እርቅ አይባልም» አሉኝ። «ወረራ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ቀና አልኩና ተውኩት።

አንቺ ግን ሌድራ በሚሉት መንገድ መታወቂያ እያሳየሽ፣ ማቲን በጋሪ እየገፋሽ ወደ ሰሜኑ ትሻገሪያለሽ አሉ። ሔርሞን ናት የነገረችኝ፤ እዚያ ጥሩ ባቅላባ አለ። ዓለም ሁሉ ያላስታረቀውን መስመር ለባቅላባ የምትሻገሪ ሰው ነሽ ማለት ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ እንቅልፌ ተስተካክሏል።

ስለዚህ ቴፑን አላነሳሁትም። ሒሳብ መቀበያው አጠገብ ግን አንድ ሰው የሚያሳልፍ ያህል ቆርጬዋለሁ። ሳላማክርሽ ያደረግኩት ነውና፣ አይሆንም የማለት መብትሽ እንደ ተጠበቀ ነው። ይለጠፍ ካልሽ ቴፑ መሳቢያው ውስጥ ተቀምጧል። የምትለጥፊው ግን ራስሽ ነሽ፤ መጥተሽ።

ማቲን በሁለቱም ጉንጩ ሳሚልኝ። እመቤታችን መውጫ መግቢያሽን ትጠብቅ፤ የልጃችንንም ቤት ታሙቅላት።

ባለ ግማሽ ሱቁ
በርናባስ