የኦሪት የእንግሊዝኛ ግስ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ አሽቀሎን

ከሥራ ስመለስ ልጄ ኦሪት የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን ስትሠራ አገኘኋት። በእንግሊዝኛ «አክስቴ ጎንደር ውስጥ ትጠብቃለች» ብላ ጽፋ፣ ስሙንና ግሱን እየለየች ነበር።

«አክስት ስም፣ ጎንደርም ስም» አለች። «ትጠብቃለች ደግሞ ግስ።»

«ቁጭ ብሎ መጠበቅም ግስ ነው እንዴ?» አልኋት።

«ኬን፣ ኢማ» አለችኝ፤ በዕብራይስጥ አዎ፣ እማዬ ማለቷ ነው። «አክስቴ የምትሠራው እሱን አይደል?»

ጎንደር ያለችው እህቴ ወደ እስራኤል ለመምጣት ከተመዘገበች አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። እኔ ደግሞ ባለፈው ሳምንት «ሥራ ፈት ሆነሽ ቀረሽ» ብዬ ተቆጥቻታለሁ።

ወደ በረንዳ ወጥቼ ደወልሁላት።

«እህት ዓለም፣ ይቅር በይኝ» አልኋት።

«ለምኑ?» አለችኝ።

«ሥራ ፈት አይደለሽም» ብቻ አልኋት። ስልኩን አንዳችንም አልዘጋነውም።