ብርድ ልብሱ እስኪደርቅ

የካቲት 11
ዛሬም ክፍል ልቀይር ወረድኩ። ዔሊ ምሳዋን ሳትጠራኝ በላች። (ጫማ ለማሰር ሩብ ሰዓት የሚፈጅባት የዶርም ጓደኛዬ።) በቃ፣ ጠልታኛለች አልኩ። ትናንት እኮ እህቴ ነበረች...

የዶርም ተቆጣጣሪዋ መሳቢያቸውን ከፈቱ። "ልጄ፣ ያለፈው ሳምንት ቅጽሽ አለ። ቀኑን ብቻ ላስተካክልልሽ?"

አፈርኩ። ግን ፈረምኩ። ዔሊ "ተኝተሽ አሳዘንሽኝ፣ ምሳሽን አስቀምጬልሻለሁ" ስትለኝ ተመልሼ ወርጄ ቀደድኩት።

የካቲት 14
ዔሊ ጎትታ የተማሪዎች ክሊኒክ ወሰደችኝ። በእሷ እርምጃ ቀጠሮው ሊያልፈን ምንም አልቀረውም።

አማካሪዋ መጠይቅ ሰጠችኝ። "ሰዎች ጥለውኝ ይሄዳሉ ብዬ እፈራለሁ፦ በጭራሽ፣ አንዳንዴ፣ ሁልጊዜ።" ከሁልጊዜ በላይ የለም ወይ? አልኳት። ሳቀች። ስሜቴ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎም ይበርዳል አለች። ችግሩ በመሃል የማደርገው ነው።

"ስትናደጂ ምን መሥራት ይቀልሻል?"

"ልብስ ማጠብ።"

"እንግዲያው እጠቢ። እስኪደርቅ ምንም አትወስኚ፣ ምንም አትፈርሚ።"

ይሄን ለማለት ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማረችው?

የካቲት 23
ሁለት አንሶላ፣ አራት ሸሚዝ፣ መጋረጃ።

የካቲት 27
ዔሊ ፊቴን አይታ ካልሲዋን አወለቀች። "ተናደሻል አይደል? ይሄንንም ጨምሪልኝ።"

ልጮህባት ስል ሳቄ አመለጠኝ። አጠብኩላት።

መጋቢት 6
ዔሊ ልትሄድ ነው። ለሥራ ልምምድ፣ ሌላ ከተማ፣ አራት ወር። ደብዳቤው ከደረሳት ሳምንት ሆኖታል። "እንዴት እንደምነግርሽ ጨንቆኝ ነው" አለች።

"ሂጂ፣ እንዳትመለሺ!" ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር... ዋጥኩት። ብርድ ልብሴን ገንዳ ውስጥ ነከርኩት። ወፍራሙን።

መጋቢት 7
ዝናብ። አልደረቀም።

መጋቢት 8
ዛሬም ዝናብ። ምን ዓይነት እዳ ነው?

ከሰዓት በርዶኝ ዔሊ ብርድ ልብሷ ውስጥ አስገባችኝ። እንዳኮረፍኩ ገባሁ። እግሯ በረዶ ነው። "እዚያ እኮ አንድም የማውቀው ሰው የለም" አለች።

ፈርታለች ለካ። እኔ ስለራሴ ስፈራ አላየኋትም።

መጋቢት 9
ደረቀ። ንዴቱን ፈለግኩት፣ የለም። ሐዘኑ ግን አለ። ሻንጣዋን እስከ አውቶቡሱ ተሸከምኩላት።

"ትናፍቂኛለሽ" አልኳት። በቃ ይሄንኑ። ከዚያ አለቀስኩ፣ እሷም።

ስመለስ ተቆጣጣሪዋ እጃቸውን መሳቢያው ላይ አድርገው ጠበቁኝ። "ቅጹን ላውጣው?"

"አይ፣ እዚሁ ነኝ። አልጋዋን ግን ለማንም እንዳይሰጡብኝ።"

መጋቢት 12
አልጋዋን ሳነጥፍ ትራሷ ሥር አንድ ጥንድ ካልሲ አገኘሁ። ቆሻሻ። ከላዩ ወረቀት፦ "ስትናደጂ የምታጥቢው እንዳታጪ።"

አጠብኩት። ሳልናደድ።