ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የታሪክ መጽሐፍ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና ወንበርዎ እንደጸኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በጆሃንስበርግ አጠገብ፣ ካትሌሆንግ በሚባል ሰፈር፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ሆኜ ዳቦና የስልክ ካርድ እየሸጥኩ፣ ጌታ ይመስገን፣ አለሁ።

ስለ ከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያዘጋጃችሁት የታሪክ መጽሐፍ ረቂቅ በስልኬ ደርሶኝ፣ ደንበኛ እያስጠበቅኩ ጭምር አነበብኩት። ስለ ድካማችሁ እያመሰገንኩ ጥቂት ነጥቦችን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ወላጆቻችን ድንጋይ ተሸክመው እንደሠሩት ጽፋችኋል፤ እውነት ነው። ያኔ ልጆች ከየገጠሩ ለመማር ወደ ከተማችን ይጎርፉ እንደነበር ግን አልጻፋችሁም። አንባቢው ከዛሬው ጋር አስተያይቶ እንዳያዝን ስላሰባችሁለት እናመሰግናለን።

፪. ሁለተኛው ትምህርት ቤት «ዘመናዊ ላብራቶሪ» እንዳለው ተገልጿል። የፊዚክስ መምህራችን ጋሽ ብዙነህ ዛሬ እዚሁ ጎረቤቴ፣ ቮስሎሩስ በሚባል ሰፈር ሱቅ ከፍተው ዱቄትና ዘይት ይሸጣሉ፤ የላብራቶሪው ቁልፍም እስካሁን ከሱቃቸው ቁልፎች ጋር ታስሮ አለ። የጠየቃቸው የለም።

፫. ከደቡብ አፍሪካ ለእረፍት የመጣ ሰው ሁሉ በጠዋት ሰልፍ ላይ ከዳይሬክተሩ ጎን ቆሞ ተማሪው እንዲያጨበጭብለት ያስለመዳችሁትን ሥርዓት መጽሐፉ በኩራት ይተርካል። አምና ያቆማችሁት እንግዳ ጆሃንስበርግ፣ ቤሪያ ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ለአራት ተከራይቶ እንደሚኖርና ሱቁ በተደጋጋሚ እንደተዘረፈ አልተናገረም፤ የክብር እንግዳ እንዲህ ያለ ነገር አያወራም። ታናሽ ወንድሜ ስዩም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። በዚያው ሳምንት ደብተሩን ዴስኩ ውስጥ ትቶ በሞያሌ ወጣ። ፈተናውን እንዲጨርስ በስልክ ብለምነው፣ መምህራኑ ራሳቸው ያጨበጨቡለትን መንገድ እኔ ለምን እንደምከለክለው ጠየቀኝ። ድምፁን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ከማላዊ ነው። ከዚያ ወዲህ ያየው ሰው የለም፤ ድንበር ያሻገረው ደላላም ስልኩን አያነሳም።

፬. እንግዲህ በመጨረሻው ምዕራፍ፣ «በደቡብ አፍሪካ ስኬታማ የሆኑ ፍሬዎቻችን» ከሚለው ሥር የስዩምን ስም አገኘሁ። ደርሷል ማለት ነው፣ ከእኔ ቀድመው ሰምተዋል ብዬ ሱቁን ዘግቼ ለጸሐፊዎ ደወልኩ። እሳቸውም ሞያሌን የተሻገረ ተማሪ ሁሉ በዚያ ምዕራፍ እንደሚገባ በመልካም ትዕግሥት አስረዱኝ።

ክቡር ሆይ፣ ስሙን ሰርዙልኝ ብል ሞቱን ያመንኩ ይመስለኛል። ይቆይ ብል ደግሞ ውሸታችሁን መፈረሜ ነው። ምን እንደምለምንዎ እኔም አላውቅም። መጽሐፉ እንደሚታተም፣ ሰልፉም ሰኞ እንደሚቀጥል ግን አውቃለሁ።

ልጆቻችንን አስተምሮ ለመንገድ በማብቃት ጽሕፈት ቤትዎ የዋለልንን ውለታ ከፍላ የማትጨርስ፣ ለክብርዎ እጅ የምትነሳ የቀድሞ ተማሪያችሁ፣

በለጥሽ
ካትሌሆንግ

ማስታወሻ፦ ጸሐፊዎ ለመጽሐፉ የሚሆን፣ ስዩም ሱቁ ፊት ለፊት የተነሳው ፎቶ እንዲላክ ጠይቀውኛል። እሱን የመሰለ የለኝም። ያለኝ የመጨረሻ ፎቶው በዩኒፎርም፣ በጠዋቱ ሰልፍ ላይ፣ ለእንግዳችሁ ሲያጨበጭብ የተነሳው ነው፤ ለሽፋን ይሆናችኋል።