በቴዎና ስም የፈሰሰ ወይን

ትብሊሲ፣ ኖቬምበር 17

ለምወድሽ ልጄ ለቴዎና፣

እንዴት ነሽ እናቴ? ባሪ ላይ ብርዱ ገባ ወይ? ወሬሽን የማገኘው ጣሊያን ከሚመላለሰው የሚኒባስ ሹፌር ነው። «ከስታለች፣ ጸጉሯንም ተቆርጣለች» አለኝ። ከስታለች ማለቱ አናደደኝ፤ የራሱ የጎን አጥንት እንኳ ይቆጠራል! ጎረቤታችን ጺዩሪ በወይን ጭማቂ የነከረችውን የለውዝ ጣፋጭ፣ ቹርችኼላውን፣ በእሱው ልኬልሻለሁ። ዘንድሮ ድርቅ ብሎባታል፣ ጥርስሽን ተጠንቀቂ። እንዳልኩሽ እንዳትነግሪያት ብቻ።

ባለፈው ቅዳሜ የአባትሽ ትርጉም መድረክ ላይ ወጣ። ከጀርመንኛ የመለሰው ተውኔት ነው። እጮኛሽ እንዴት እንደተወሽ በምስጢር የነገርሽውን ተውኔት አድርጎ አዳራሽ ሙሉ ሰው ካሳቀበት፣ አንቺም ጥለሽን ከሄድሽ ወዲህ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ከራሱ አንድ መስመር አልጻፈም። «የሌላ ሰው ቃል ስመልስ ቢያንስ ልጅ አላጣም» ይላል። አንቺን ለማባበል ብዬ የፈጠርኩት አይደለም፤ ጺዩሪም ሰምታለች።

ከትያትሩ በኋላ ማዕድ ተቀመጥን። ጽዋውን የሚመራው የድሮ ባልደረባው ኖዳር ነበር። ታውቂው የለ፣ አንድ ጽዋ ለማንሣት ግማሽ ሰዓት ያወራል። «ኧረ ኖዳር፣ ወይኑ ኮምጣጤ ሆነ!» እያሉ ሲያሾፉበት ቆይተው ስለ ልጆች የሚነሣው ጽዋ ደረሰ። ኖዳርም፣ «በል ባድሪ፣ ይህን አንተ ጨርስልን። ስለ ቴዎና!» አለው።

አባትሽ ተነሣ። ቁራሽ ዳቦ አነሣና ወይኑን ጠብ አደረገበት። ለሙታን እንደምናደርገው።



«አንተ ሰው፣ አበድክ? ልጅህ እኮ በሕይወት አለች!» አለ ኖዳር።

አባትሽ ቀስ ብሎ፣ «ስጽፍላት አትመልስ፣ ስደውልላት አታነሣ። እንዲህ የሚሆኑብኝ ሌሎቹ ሁሉ ወይን የማፈስላቸው ሙታን ናቸው። እጄ ለምዶ ነው» አለ። ሰክሮ ነው እንዳልል ገና ሁለተኛ ጽዋው ነበር።

ዳቦውን ከእጁ ነጥቄ በላሁት። በሰው ሁሉ ፊት። የሙት ድርሻ ሆኖ እንዳይቀርብሽ ብዬ ነው። ትን ብሎኝ ኖዳር ጀርባዬን ሲደቃኝ ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ከዚያን ቀን ጀምሮ አይተረጉምም። መዝገበ ቃላቱን ዘግቶ መስኮት ዳር ይቀመጣል። ሐኪሙ ስለ ልቡ ያለኝን እዚህ አልጽፍም፣ በከንቱ ትጨነቂያለሽ። ብቻ ለፋሲካ መምጣት አስበሽ እንደሆነ፣ ለገና አድርጊው።

ይቅር በይው አልልሽም፤ ያንን ተውኔት እኔም ገና ይቅር አላልኩትም። ደውይለት ብቻ። የምትናገሪው ቢጠፋሽ ዝም በይ፣ ትንፋሽሽን ያውቀዋል። ጠዋት ጠዋት ስልኩን የሚያነሣው እሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ የማነሣው እኔ ነኝ። እኔም አውቀዋለሁ።

ጌታ ከብርድና ከክፉ አሠሪ ይሰውርሽ፣ በሰው አገር ሰው አያሳጣሽ።

እናትሽ ላማራ