የጣልኋቸው ቀይ ክሮች

ላሊበላ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እናቴ የምትውጠው ሟቿ ሠርታ ፍሪዘር ውስጥ የተወችውን ሽሮ ብቻ ነው፤ የኔን ትተፋዋለች። ባለቤቴ ቅቤ የገባበትን ሽሮ ፌስታል በቀይ ክር ታስር ነበር። እኔ፣ የተማርሁት ደንቆሮ፣ ዝርክርክነት መስሎኝ ክሩን ጥዬ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ላስቲክ አሸግሁ፤ የጻፍሁበት ቀኑን ብቻ ነው። የጾሙን ሽሮ ሳላውቅ በፍስክ አብልቼ አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሱም በጾሙ የመጀመሪያ ቀን አለቀ። ዛሬ የቀሩትን ሦስቱን ሳሞቃቸው ሁሉም ቅቤ አለባቸው።

«እምዬ፣ የነፍስ አባትሽ ለታመመ ሰው ፈቅደዋል» አልኋት።

«እንግዲያ እሳቸው ይብሉት።»

«የሷ እጅ ነው እኮ።»

 «ለፍልሰታ ፍች አስቀምጥልኝ» አለችኝ።

መልሼ አሸግሁት፤ ቀይ ክርም አሰርሁበት። ጾሙ ሊፈታ አሥራ ሁለት ቀን ይቀራል። እናቴ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።