ይማሜ፣ የለይላን ነገር ተናገርኩ

ውዴ ይማሜ፣ አላህ በራህመቱ ይቀበልህ። ሐርቡ ወስደን ከዘመዶችህ ጎን አፈር ካለበስንህ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። እስከዛሬ በዱዓ እንጂ በወረቀት አናግሬህ አላውቅም። አሁን ግን ፍርሃቴን የማወራለት ሰው ቸገረኝ። ለልጃችን ለሀያት ብነግራት እሷንም ማስፈራት ነው።

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ቤታችን ደህና ነው። በሩ ላይ ሌላ መቀርቀሪያ አስገጥሜያለሁ። ሀያት ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገብታለች። እንዳንተ በፈረቃ ነው የምትሠራው። ሚኒባስ ውስጥ መግባቷን ደውላ እስክትነግረኝ እጄ ሥራ አይይዝልኝም።

ነገሩ የመጣው በጎረቤታችን በከድጃ ልጅ፣ በለይላ ነው። ዐረብ አገር ሄዳ ነበር። የላካት የሰፈራችን ደላላ ነው። ስሙን አልጽፈውም፣ ታውቀዋለህ፤ ለቅሬው፣ ለእድራችን፣ ድንኳን የገዛው፣ ሲገባ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው የሚነሳለት። እዚያ እንደደረሰች አሠሪዎቿ ፓስፖርቷን ነጥቀው ቤት ቆለፉባት። አንድ ቀን ስትደውል ከእናቷ አጠገብ ነበርኩ። «እማ፣ ሴትዮዋ ገዝቼሻለሁ ትለኛለች» አለች። ስልኩ በዚያው ተቋረጠ።

ያን ጊዜ አንተ ትዝ አልከኝ። እህትህ ዘሀራ ጀርባዋ በካውያ ተቃጥሎ ከዚያው አገር ስትመለስ፣ ቅሬው በተሰበሰበበት ተነስተህ፣ «ድሮ በዚህ በአገራችን መንገድ ባሪያ ነጋዴዎች ሰው እየነዱ ወደ ባሕር ያወርዱ ነበር ሲባል ሰምተናል። ዛሬ በመኪና ሆነ እንጂ ምን ተለየ? ሰው አይሸጥም!» አልክ። ደላላው ፊት ለፊትህ ተቀምጦ ነበር። አንድ ሽማግሌ «ይማም፣ የሰው እንጀራ አትዝጋ» ቢሉህ፣ «የሰው ልጅ ተሸጦ የሚበላ እንጀራ ይዘጋ፣ አባቴ» ብለህ ተቀመጥክ።

ለይላ እንደምንም አምልጣ ተመለሰች። በር ሲንኳኳ ግን አሁንም ትርበተበታለች። ደላላውን ከሰሰችው፤ እሱም አላውቃትም ብሎ ካደ። እኔ ግን የሄደች ዕለት ሐርቡ ያለውን ወንድሜን ጠይቄ ስመለስ፣ መታወቂያዋን ተቀብሎ ከሌሎች ልጃገረዶች ጋር መኪና ውስጥ ሲያስገባት በዓይኔ አይቻለሁ። ከእኔ በቀር አየሁ የሚል አልተገኘም።

የፍርድ ቤት ቀጠሮው ሲቃረብ የደላላው ሚስት ስኳር ይዛ ቤቴ መጣች። ጤናዬን ጠየቀችኝ፣ ላንተም ዱዓ አደረገችልህ። ልትወጣ ስትል ዞር ብላ፣ «ሀያት ከሥራ የምትመለስበት መንገድ ጭር ያለ ነው አይደል? አላህ ይጠብቃት» አለችኝ፣ ፈገግ ብላ። ከኋላዋ በሩን ቀረቀርኩት፣ ይማሜ።

ለሀያት «አልመሰክርም» አልኳት፤ ምክንያቱን አልነገርኳትም። «እማ፣ እኔ ብሆን ኖሮ እትዬ ከድጃ ይመሰክሩልኝ ነበር?» አለችኝ።

ሄድኩ። ደሴ ፍርድ ቤት ቁርኣኑን ነክቼ ማልኩ። ሰውዬው ዓይኑን ከፊቴ አላነሳም። ዳኛዋ «እናት፣ አይሰማም፤ ትንሽ ጮክ ይበሉ» አሉኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ያየሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ከኋላዬ ለይላ ስታለቅስ እሰማት ነበር። በኋላ ተፈረደበትና ወህኒ ወረደ።

እፎይ የምል መስሎኝ ነበር። ወንድሞቹ ግን ውጭ ናቸው። ባጃጅ ደጃችን ላይ ሲቆም ሄጄ መቀርቀሪያውን እነካለሁ። ሰላምታ የነሱኝም አሉ፤ የሰፈሩን ስም አጠፋሽ ብለው።

ባለፈው ጁምዓ የቅሬው ሴቶች ተሰብስበን ሳለ፣ ከታች ሰፈር ያለችው ፋጡማ ተነሳች። «የኔንም ልጅ የወሰዳት እሱ ነው። ድምጿን ከሰማሁ ቆየሁ። ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት» አለች። ተቀመጪ ያላት የለም። አንዷ እጇን ያዘቻት፣ ሌላዋ ውሃ አመጣችላት። ነገ ፖሊስ ጣቢያ አብሬያት እሄዳለሁ።

እፈራለሁ፣ ይማሜ። ወላሂ እፈራለሁ። ሰግጄ ስምህን ሳላነሳ ከመስገጃዬ ተነስቼ አላውቅም፣ እስክንገናኝም አልነሳም። ሀያት ስትወልድ፣ አባቷ ቅሬው ፊት ምን ብሎ እንደተናገረ ለልጆቿ የምነግራቸው እኔ ነኝ፤ አላህ ለዚያ ያድርሰኝ። አሁን ልተኛ። ፋጡማ በጠዋት ትጠራኛለች፣ ብቻዋን እንዳትሄድ።

ያንተው ሰአዳ