ነጩ ቴፕህ እዚህም አለ

የኔ ቧንቧ ሠሪ፣ እንዴት ከርመሃል?

ቀኑን ሙሉ ጨለማ ክፍል ውስጥ ስለዋልኩ አሁንም ህልም ላይ ያለሁ ይመስለኛል። ሰውነት ውስጥ የተደበቀ ዕጢ ለሚፈልግ ማሽን ዓይን እየሠራን ነው። ዓይኑ ጣት የምታህል የጠራች ክሪስታል ናት፤ የማይታይ ጨረር ሲነካት ውስጧ ብልጭ ይላል። ያቺ ብልጭታ በጎን ካመለጠች ማሽኑ ዕጢውን ሳያየው ያልፋል። እንዳታመልጥ ክሪስታሏን በምን እንደምንጠቀልላት ታውቃለህ? አንተ ውኃ እንዳያፈስ የቧንቧ ጥርስ ላይ በምትጠመጥመው ነጭ ቴፕ!

ሦስት ቀን ሙሉ ጠቅልዬ ብርሃኑ አፈተለከብኝ። ዛሬ፣ ያኔ የጓሯችንን ቧንቧ ስትጠግን ያየሁት እጅህ ትዝ አለኝ፤ በአውራ ጣትህ ወጠር እያደረግህ፣ ግማሽ በግማሽ እየደረብህ። እንደዚያው አደረግኩ። መብራቱ ሲጠፋ ስክሪኑ ላይ የተያዘውን ብርሃን የሚለካው መስመር ከጭጋግ እንደሚወጣ ኮረብታ ቀስ ብሎ ከፍ አለ። አለቃችን፣ ሽበታሟ ፕሮፌሰር፣ "ማን አስተማረሽ?" አለችኝ። "ቧንቧ ሠሪ ጎረቤቴ" አልኳት። ነገ ለሁሉም አሳዪ ተብያለሁ።

ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እናትህን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። "ቀለም አይገባህም" ይሉህ የለ? እጅህ ነገ ፕሮፌሰሮችን እንደሚያስተምር ንገራቸው፤ ካላመኑህ ካርዱን ራሳቸው ያንብቡት።

ያቺ ለፍላፊ ጎረቤትህ